ኖርማን ያልነካቸው ኳሶች

ውድ ወንድሜ ክሌመንት፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ሳትቀመጥ እንዳታነበው አደራ የምልህን መርዶ ላርዳህ። የአባታችን የክሪኬት ትራስ ባለፈው ሳምንት ቅዳሜ፣ በሊድስ ስታዲየም የእንጨት መቀመጫ ላይ እያለ፣ በድንገት ፈንድቶ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቷል። ላባው ከፊታችን በተቀመጡት ሦስት ረድፍ ሰዎች ራስ ላይ እንደ በረዶ ዘንቧል። ሟቹ በሕይወት ዘመኑ የእኛን የሆልሮይድን ቤተሰብ ከእንጨት ስንጥር የጠበቀ፣ ዝናቡን ችሎ የኖረ፣ ታማኝና አፈ ቁጥብ ትራስ ነበር። የቀብሩ ሥነ ሥርዓት የቅርብ ዘመዶች ብቻ በተገኙበት፣ በስታዲየሙ የቆሻሻ በርሜል ተፈጽሟል።

አሁን ወደ ሕያዋን ልመለስ። ለመሆኑ አንተ እንዴት ነህ? ደህና ነህ ወይ? ያ ብርድ ሲነካው የሚጮኸው ጉልበትህ ዘንድሮ እንዴት ያደርግሃል? ሚስትህ ሞይራስ ጀርባዋ ተሻላት? ልጆቹስ እንዴት ሆኑ? እናንተ ዘንድ ኒውዚላንድ አሁን ክረምት መሆኑን አባባ ነጋ ጠባ ያነሱታል፤ «በሐምሌ የሚበርድ አገር ምን አገር ይባላል!» ይላሉ። ይህን የሚሉት ግን በሐምሌ ሁለት ሹራብ ደርበው እሳት ዳር ቁጭ ብለው ነው። እኛ ሁላችንም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ባለቤቴ ክሊፎርድ አዲስ ጥርስ አስተክሏል። በር ሲገባ ጥርሱ ይቀድማል፣ እሱ ይከተላል፤ ከዚህ በቀር ጤናው መልካም ነው።

እንግዲህ የምጽፍልህ ስለ ልጄ ስለ ኖርማን ነው። እንግሊዝና ኒውዚላንድ በሊድስ ገጥመው ማን እንዳሸነፈ የአገርህ ሬዲዮ ሳይነግርህ አልቀረም። እንኳን ደስ ያለህ። ግዴታዬን ስለተወጣሁ በመልስህ ላይ ይህን ጉዳይ ዳግመኛ እንዳታነሳው። እኔ የምጽፍልህ ሬዲዮው የማያውቀውን ነው።

ኖርማን በዚህ በጋ ለእንግሊዝ ሲመረጥ መንደራችን ስኬልባንክ እንዴት እንደሆነች ባለፈው ጽፌልሃለሁ። ከዚያ ወዲህ የሆነውን ግን አፍሬ ሳልጽፍልህ ቆየሁ። በሁለት ግጥሚያ አራት ጊዜ ሊመታ ገባ፤ በአራቱም ተደምሮ ያገኘው ነጥብ አራት ሩጫ ብቻ ነው። አንድ የለንደን ጋዜጣ «ዊተከር የተባለው የዮርክሽር ወጣት መምቻውን የሚያወናጭፈው ተርብ እንደሚያባርር ሰው ነው፤ በሊድስም ካልሆነለት ወደ ሱፍ ማቅለሚያው ይመለስ» ብሎ ጻፈ። እናት ነኝና ጋዜጣውን እሳት ውስጥ ልጨምረው ስል አባባ ከእጄ ቀሙኝ። ለማጽናናት መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን አንብበው «እውነቱን ነው» አሉና በመቀስ ቆርጠው ከምድጃው በላይ ለጠፉት። ልጄ ያን ሁሉ ሰሞን ቁርሱን የበላው እሱን ፊት ለፊት እያየ ነው። ሃያ አራት ዓመቱ ነው፣ ክሌመንት። እንዲህ ሆኖ የወጣን ልጅ ተመልሶ የሚጠራው እንደሌለ እሱም ያውቃል፣ እኛም እናውቃለን። ሊድስ የመጨረሻው ነበረች።

የአባባን ሃይማኖት አልረሳኸውም መቼም። ልጆች ሳለን በእራት ሰዓት ከጸሎት ቀጥሎ የሚመጣው እሱ ነበር። ሜዳው ደርቆ እንደ ጠረጴዛ በተስተካከለበት ቀን የጎረቤት ዝይ እንኳ መቶ ሩጫ ትሰበስባለች። ታላቅ መቺ የሚታወቀው ኳሷ የምትነጥርበት መሬት ሣሩ ለምልሞ፣ ደመናው የፋብሪካ ጭስ ማውጫ ላይ ሲቀመጥ ነው። ያን ቀን ኳሷ በስፌቷ ታርፍና ወደ ቀኝ ትሂድ ወደ ግራ እሷም ራሷ አታውቀውም። ያን ቀን ኳሷን በመምቻው ጫፍ የነካ ተቀልቦበት ይወጣልና፣ ሰው በመታው ሳይሆን ባልነካው ይመዘናል። አባባ እንዲህ ያለ ጨዋታ የተጫወቱትን የድሮ ሰዎች እንደ ነቢያት በተራ ይጠሩልናል፤ ሁሉም ሞተዋል፤ ከሞቱት በኋላም፣ እንደ እሳቸው አባባል፣ ማንም አልተነሣም።

ሁለተኛውንም ሕጋቸውን ታስታውሳለህ፦ የእኛ መቺ ከቀናው፣ እስኪወጣ ድረስ ማንም ሰው ካለበት ቦታ ንቅንቅ አይልም። እናታችን፣ ነፍሷን ይማርና፣ በሬዲዮ የእኛ መቺ መቶ ሩጫ እስኪሞላ ድረስ የጋለ መጋገሪያ በጨርቅ ይዛ ደጃፍ ላይ እንደ ሐውልት የቆመችበትን ቀን ማን ይረሳል? በስኬልባንክ ይህን ሕግ የማያከብር ሰው የለም። ቄሳችን ራሳቸው ያከብሩታል፤ አያምኑበትም እንጂ ያከብሩታል።

ቅዳሜ ዕለት ታዲያ ሜዳው እንደ ጎመን አረንጓዴ ነበር። ደመናው ባርኔጣችንን ሊነካ ምንም አልቀረው። እንግሊዝ ለማሸነፍ መቶ ሠላሳ ሰባት ሩጫ ያስፈልጋት ነበር፤ በደህና ሜዳ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ያ ረጅሙ ባለ ቀይ ጠጉር ወርዋሪያችሁ ግን ኳሷን ስፌቷ ላይ እያሳረፈ የኛን ሰዎች አንድ በአንድ ወደ ቤታቸው ይሸኛቸው ጀመር። ትራሱ የፈነዳው ሦስተኛው ሰው ሲወጣ አባባ በንዴት ከፍ ብለው ዝቅ በማለታቸው ነው። «ትራስ ተከራይቼ መጣሁ» ብለው ከመቀመጫችን ሥር ወዳለው የወንበርና የትራስ ማስቀመጫ ክፍል ወረዱ። እሳቸው ደረጃውን ሳይጨርሱ ሁለት ሰው ተከታትሎ ወጣ። ሠላሳ አንድ ሩጫ፣ ከአሥሩ አምስት ሰው ጠፍቷል። እናም የኔ ልጅ፣ ጭንቅላቱን ደፍቶ፣ ሲገባ አየሁ።

የመጀመሪያዋ ኳስ መምቻውን ለጠጉር ያህል ስታ አለፈች። ሁለተኛዋ ጎድኑን መታችው። ሦስተኛዋን መታት፤ ድንበር ላይ ደረሰች፤ አራት ሩጫ። ከጎኔ የነበረው ጎረቤታችን ባለ ሥጋ ቤቱ ሄክተር ሊያጨበጭብ የዘረጋውን እጁን አየር ላይ አቁሞ፣ «ዊኒ፣ አባትሽ የት ናቸው?» አለኝ። «ትራስ ሊከራዩ ወርደዋል።» «በስመ አብ! እንዳይመለሱ!» ብሎ ሄክተር እንደ ጥይት ተተኮሰ። (መልእክተኛ ሕጉ አይመለከተውም የሚለውን አንቀጽ አባባ ራሳቸው ከጦርነቱ በፊት ጨምረውበታል።)

ከዚህ በኋላ ያለውን ከሄክተር አፍ ሁለት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይረዝማል፤ አጭሩን ልጻፍልህ። አባባ ትራስ ታቅፈው ከክፍሉ ሲወጡ ሄክተር በሩ ላይ እጁን ዘርግቶ ቆመ። «ጋሼ ሩበን፣ ወደ ኋላ! ልጁ አራት መትቷል!» «ዞር በል አንተ! ሥጋ ቤትህ መሰለህ እንዴ?» «ሕጉ የማን ነው ጋሼ?» አባባ ትራሱን አዩት፤ ሄክተርን አዩት፤ ወደ ጨለማው ክፍል ዞረው አዩ። «የኔ ነው» አሉና ወደ ውስጥ ተመልሰው በሩን በገዛ እጃቸው ዘጉት።

በዚህ ሁኔታ ያ ቀን መሸ። ኖርማን አልወጣም። ግማሽ መንገድ ቀርቶን፣ እሱ አሥራ ዘጠኝ ላይ እያለ ጨዋታው ለሰኞ ተቀጠረ።

እሁድ እረፍት ስለሆነ ልጁ ለምሳ እቤት መጣ። ጎድኑ ሰማያዊ ሆኗል። አባባ በማዕድ ላይ የተናገሩት «ድንቹን አቀብለኝ» ብቻ ነው። ኖርማን ፈራ ተባ ብሎ፣ «አያቴ፣ ትናንት እንዴት አዩት?» አላቸው። «ምንም አላየሁም» አሉት። እውነት ነው፣ አላዩም። ግን ክፍሉ ውስጥ እንደነበሩ መናገር ደግሞ ዕድል ያበላሻል ተብሎ ተፈርቶ ሁላችንም አፋችንን ለጎምን፤ ክሊፎርድ ብቻ አዲሱ ጥርሱ አፉን ስለማያስገጥመው ለብቻው ከፈተ። ልጄ ሲነሣ ዓይኑን አየሁት። ከአጠገቤ ያለውን የአባባን ባዶ ወንበር ከሜዳ ሆኖ አይቶታል፤ አያቱ ሊያዩት እንኳ ያልፈለጉ መስሎታል። እውነቱን ሳልነግረው ሳህኖቹን ሰበሰብኩ። ሕግ ሕግ ነው።

ሰኞ ጠዋት አባባ ሳንድዊቻቸውን በወረቀት ጠቅልለው፣ ጃንጥላቸውን ይዘው፣ ማንም ሳያዝዛቸው በቀጥታ ወደ ክፍሉ ገቡ። እኛም ቅዳሜ እንደነበርነው ተቀመጥን። ክሊፎርድ ቅዳሜ በቀኝ እጁ የሥጋ ኬክ ይዞ ስለነበር ሰኞም ሌላ ገዝቶ ያዘ፤ መብላት ግን አይቻልም፤ ቅዳሜ አልበላውም ነበርና።

ከዚህ በኋላ የሆነውን፣ ወንድሜ፣ እንዴት እንደምጽፍልህ አላውቅም፤ ምክንያቱም ምንም አልሆነም። ኳሷ ትመጣለች፤ ስፌቷ ላይ ታርፋለች፤ ትታጠፋለች፤ ኖርማን መምቻውን ወደ ላይ ከፍ አድርጎ ያሳልፋታል። እንደገና ትመጣለች፣ ያሳልፋታል። ከኋላው ተደርድረው እጃቸውን የዘረጉት ሰዎቻችሁ ተሳደቡ፤ «ልጅ፣ መምቻህን ተከራይተህ ነው እንዴ? ይቆሽሽብሃል?» አሉት። አላያቸውም። ሰዉ በመጀመሪያ አጉረመረመ፣ ቀጥሎ ሳቀ፣ ኋላ ግን ዝም አለ። እንደዚያ ያለ ዝምታ ቤተ ክርስቲያን ውስጥም ሰምቼ አላውቅ። ሊመታ የሚገባትን ብቻ ይመታታል፤ እሷም ከስንት አንድ ናት።

ሄክተር በዚህ መሀል ዘዴ አገኘ። የአባባ ክፍል በትክክል ከእግራችን ሥር ነው። ኖርማን ኳስ ባሳለፈ ቁጥር ሄክተር ወለሉን አንድ ጊዜ በተረከዙ ይመታል፤ ሩጫ ሲያገኝ ሁለት ጊዜ። ከታች ደግሞ አባባ በጃንጥላቸው ጫፍ ጣሪያውን ይመልሱለታል። ለሩጫው ግን መልስ የለም! ሁለት ሲመታ ከታች ጸጥ፤ አንድ ሲመታ፣ ኳ! ፊታችን የተቀመጡ አንድ ባለ ባርኔጣ ሰውዬ ዞረው «እመቤት፣ ይህ የምን ድምፅ ነው?» ቢሉኝ «ቧንቧ ነው» አልኳቸው። እስከ ምሳ ድረስ ቧንቧው አላረፈም።

ከምሳ በኋላ በወዲያኛው ጫፍ አብረውት የሚመቱት ጓደኞቹ አንድ አንድ እያሉ ጠፉ። በመጨረሻ የቀረው የኛ ፈጣን ወርዋሪ ነበር፤ ደግ ልጅ ነው፣ ግን መምቻ የሚይዘው ጃንጥላ አደራ እንደተሰጠው ሰው ነው። ስድስት ሩጫ ቀርቷል። ኖርማን ሃምሳ ዘጠኝ ላይ ደርሷል። ወርዋሪዎቹ ሲቀያየሩ ኖርማን መምቻውን ተደግፎ ወደኛ ቀና አለ። የሚያየኝ መስሎኝ እጄን ላውለበልብ ስል ገባኝ፤ የሚያየው ከአጠገቤ ያለውን ባዶ ወንበር ነው።

አልቻልኩም፣ ክሌመንት። «ሄክተር፣ ውረድ። ልጁ ወንበርዎን እያየ ነው በላቸው» አልኩት። «አብደሻል ዊኒ? ስድስት ቀርቶት?» «ውረድ አልኩህ!» «ከወጡ በኋላ ከኔ ሥጋ እንዳትገዢ!» እያለ ወረደ። ብዙም አልቆየም፤ አባባ ባርኔጣቸው ላይ የሸረሪት ድር ተሸክመው ደረጃውን ወጡ። ከስኬልባንክ የመጣው ረድፍ በሙሉ ትንፋሹን ዋጠ። አንዲት ሴትዮ «ይመለሱ!» ብላ ጮኸች። እሳቸው ማንንም ሳያዩ አልፈው ወንበራቸው ላይ ቁጭ አሉ፤ ትራስ ሳይኖር፣ ባዶው እንጨት ላይ። ክሊፎርድ የያዘውን የሥጋ ኬክ በድንጋጤ ጨመቀው፤ ከካልሲው ነው ያጠብኩት።

ኖርማን አያቸው። ምንም አላደረገም፤ ኮፍያውን ብቻ አስተካከለ። ረጅሙ ሰውዬአችሁ ሮጦ መጣ። ኳሷ መሬት ነክታ ወደ ውስጥ መጣች፣ ከዚያ ሐሳቧን ለውጣ ወደ ውጭ ተመለሰች። ማንም ሰው ይነካታል፤ እኔም ከመቀመጫዬ ልነካት እጄን ዘርግቻለሁ። ልጄ መምቻውን ወደ ሰማይ አነሣ። ኳሷ፣ ብትነካቸው ከሚያስወጡት ከኋላው ካሉት ችካሎች በላይ የቢላ ስለት በምታህል ክፍተት አለፈች። አባባ ጃንጥላቸውን አንሥተው ወለሉን አንድ ጊዜ መቱ፤ ኳ!

በሚቀጥለው ኳስ አንድ ሩጫ አገኘ። ሲሮጡ ሁለቱ ቦታ ስለተለዋወጡ ተራው ለፈጣኑ ወርዋሪያችን ደረሰ፤ ደጉ ልጅ መምቻውን ገና ከፍ ሳያደርግ መሀለኛው ችካል ከመሬት ተነቅሎ ሲንከባለል አየነው። በአራት ሩጫ ተሸነፍን። ኖርማን ስልሳ ላይ እንደቆመ፣ ማንም ሳያስወጣው ቀረ።

በስኬልባንክ ሕዝብ ዘንድ አባባ ላይ የወረደውን ነገር ብጽፍልህ ወረቀቱ አይበቃም። «እንግሊዝን የሸጠ ሽማግሌ!» ተባሉ። ሄክተር ከዚያ ቀን ጀምሮ ለቤታችን የሚቆርጠው ጅማት ጅማቱን ነው። ጋዜጦቹም ለሁለት ተከፈሉ፤ ገሚሱ ልጁ ታላቅ ጨዋታ ተጫወተ ሲል፣ ገሚሱ ያቺን አንዷን ሩጫ ባይሮጥ ኖሮ አንሸነፍም ነበር አለ። ልጄ በመጨረሻ ወድቆ ይሁን ቆሞ ማንም አላወቀም፤ መራጮቹ እስኪናገሩ መጠበቅ ብቻ ሆነ።

ከጨዋታው በኋላ ግን ከተጫዋቾቹ በር ላይ ቆመን ስንጠብቀው ኖርማን ወጣ። እኔን ሳመኝና ወደ አያቱ ዞሮ፣ «ለመጨረሻዋ ብቻ መጡ?» አላቸው። ድምፁ እንደ ልጅነቱ ተሰበረ። ሄክተር ነው፣ ጭራሽ ሊያስቀይማቸው ብሎ፣ «ለመጨረሻዋ? ሁለት ቀን ሙሉ እንደ ድንች ጨለማ ውስጥ ተቀምጠውልህ!» ብሎ ያፈረጠው። ኖርማን በመጀመሪያ አልገባውም፤ ኋላ ሳቀ፤ ጎድኑን ይዞ እያመመው ሳቀ። አባባ ጃንጥላቸውን እያዩ «ያልነካኸውን ሁሉ ሰምቻለሁ» አሉት። ዓይናቸው ቀልቶ ስለነበር ምን ሆኑ ብላቸው፣ የዚያ ክፍል መስኮት የሚያስገባው ንፋስ እንደመታቸው ነገሩኝ። እንደነገሩኝ ጽፌልሃለሁ።

ዛሬ እሁድ ከምሳ በኋላ በበርሚንግሃም ለሚደረገው ቀጣይ ግጥሚያ የተመረጡት ስም በሬዲዮ ተነበበ። ከመነበቡ በፊት እቤታችን ጭቅጭቅ ሆነ። ሄክተር ቂሙን ትቶ መጥቶ ነበር፤ አባባ የከሰል ማስቀመጫው ውስጥ ይግቡ የሚል ሐሳብ አቀረበ፤ ክሊፎርድም ደገፈው። አባባ «እኔ ከእንግዲህ የትም አልገባም» አሉ። ይባስ ብለው፣ ማንም በማይነቃነቅበት በዚያ ሰዓት፣ ሆን ብለው ከበር እስከ ምድጃ፣ ከምድጃ እስከ በር ይመላለሱ ጀመር። ኖርማን ጓሮ ነው፤ ንጹሕ ጫማ ይቦርሻል። ሬዲዮው ስሙን በፊደል ተራ ነው የሚያነበው፤ የዊተከር ፊደል ደግሞ በእንግሊዝኛ ከጭራው ናት፤ እኔ ዊተከርን ሳገባ ይህን አላሰብኩበትም። ስሙ እያለፈ፣ እያለፈ ሄደ። ሰውዬው ትንፋሽ ወሰደ፤ ያበቃ መስሎኝ ወንበሩን ጨበጥኩ። «ዊተከር፣ ከዮርክሽር» አለ።

ሄክተር ክሊፎርድን ሳመው፤ ከዚያ ሁለቱም አፈሩ። እኔ ጓሮ ሄጄ ልነግረው ስወጣ ልጄ መስኮቱ ሥር ቆሞ ኖሮ ሰምቷል፤ ብሩሹ በእጁ፣ አንድ እግሩ ባዶውን። አባባ ከኋላዬ መጥተው፣ «የበርሚንግሃም ባቡር ስንት ሰዓት ነው የሚነሣው?» አሉ። ከሊድስ ወዲያ ሄደው የማያውቁ ሰው! ኖርማን «ታዲያ የት ሊቀመጡ ነው?» አላቸው። «የምታየኝ ቦታ» አሉት።

እንግዲህ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ሞይራን ጀርባዋን በፍላኔል ጨርቅ ትሸፍነው በላት፤ እኔ እንዳልኩ ንገራት። ልጅህ ፈርገስ አሁን ክሪኬት የሚጫወተው በቀኝም በግራም እጁ ነው ብለህ የጻፍከውን ለአባባ አልነገርኳቸውም፣ ቀስ ብዬ እነግራቸዋለሁ። ልጅህን አይላን ሁለት ጉንጯን ሳምልኝ፤ የምሠራላት ሹራብ እጅጌው ቀርቷል። ጎረቤታችሁን፣ ያን ባግፓይፕ የሚነፋውን፣ ስለ ጤናው ጠይቅልኝ፤ ስለ ሙዚቃው አትጠይቀው። ክሊፎርድ በአዲሱ ጥርሱ ፈገግ ብሎልሃል። ኖርማን «አጎቴ የየትኛው አገር ደጋፊ ነው?» ብሎ ይጠይቅሃል፤ መልሱን አስበህበት ጻፍ። አባባ ሰላም ብለውሃል፤ ጉልበትህንም ሸፍነው ብለዋል።

እህትህ ዊኒፍሬድ

ስኬልባንክ፣ ዮርክሽር
እሁድ፣ ሐምሌ 18

ማረሚያ፦ ከዚህ በላይ በቀረበው ደብዳቤ ላይ የአባታችን ዓይን የቀላው በወንበር ማስቀመጫው ክፍል መስኮት በገባ ንፋስ ምክንያት እንደሆነ ተገልጾ ነበር። ደብዳቤው ከመታሸጉ በፊት በተደረገው ማጣራት፣ ክፍሉ መስኮት የሌለው መሆኑ ተረጋግጧል።